ቁጥር ስልሳ አንድ

ኅዳር 4

አሥራ አራት ደብተር አስገባሁ። ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩ ተንቀራፈፈ፣ ሁለቱ ለነገ ቀሩ። ምሳ በልቻለሁ። ምን እንደበላሁ ግን ጠፋኝ።

ሥራዬ ይኸው ነው… ስኳር ያለባቸው እናቶች በእርግዝናቸው ጊዜ በቀን አራት ጊዜ ጣታቸውን ወግተው ይለካሉ፣ ቁጥሩን ደብተር ላይ ይጽፋሉ። እኔ ከደብተሩ ወደ ሰንጠረዥ እገለብጣለሁ። ከጎኑ የልጁ የልደት ክብደት ይገባል። ከዚያ የእናት ደም፣ የአባት ደም፣ የእትብት ደም ውጤት። ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ። ጥናቱን የሚመሩት ፕሮፌሰሯ ማወቅ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው። የሁለት እናቶች ስኳር እኩል ሆኖ ሳለ የአንዷ ልጅ ሦስት ኪሎ፣ የሌላዋ አምስት ኪሎ የሚሆነው ለምንድን ነው? ዘር ነው? ከሆነስ ከማን በኩል?

እኔም የአሥራ አምስት ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ። እኔም ስኳር አለብኝ። እኔም ደብተር አለኝ። ደስ አላለኝም፣ አልከፋኝም። ለመጻፍ ያህል ነው።

ኅዳር 9

ክትትል ነበረኝ። ያው የድሮው ሐኪም። ደብተሬን ገለጥ ገለጥ አደረጉ፣ በቀይ እስክሪብቶ ራይት ጻፉና "ጎበዝ!" አሉኝ።

ያኔም "ጎበዝ" ነበር የሚሉኝ።

ኅዳር 10

ትናንት "ያኔ" ብዬ ተውኩት። ለራሴ ደብተር እንኳ ዙሪያ ጥምጥም…

ያኔ ማለት የዛሬ ሁለት ዓመት። ወንድ ልጅ። አራት ኪሎ ከስምንት መቶ። ጭንቅላቱ ወጣ፣ ትከሻው ተያዘ። ዓይኔ የግድግዳው ሰዓት ላይ ነበር። ስድስት ደቂቃ። ስድስት ደቂቃ በጣም ረጅም ነው።

አላለቀስኩም። ሰው ሁሉ "ጠንካራ ነሽ" አለኝ። የምን ጥንካሬ! ጥርስ ሊነቅሉሽ ሲያደነዝዙሽ ከንፈርሽን ብትነክሺውም አይታወቅሽም አይደል? እንደዚያ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ማደንዘዣው አለቀቀኝም።

ከዚያ በኋላ ነው ከመዝገብ ቤት ወደ ጥናቱ ቢሮ ልዛወር ብዬ የጠየቅኩት። እዚህ የሚወለድ የለም። ቁጥር ነው የሚመጣው።

ኅዳር 17

አማቴ መጡ። ሁለት ሰዓት ተቀመጡ፣ አንዱን ሰዓት ስለ ባሌ ልደት አወሩ። "አምስት ኪሎ ከሁለት መቶ! ነርሷ ሚዛኑ ተበላሽቷል ብላ ሌላ አስመጣች። እሱም አምስት ኪሎ ከሁለት መቶ!" መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሳገባ አምስት ኪሎ ብቻ ነበር፣ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይጨምራል።

ባሌ ድሮ "እማዬ፣ በዚህ አያያዝሽ ስምንት ኪሎ መግባቴ ነው" እያለ ያስቃቸው ነበር። ዛሬ አልቀለደም። ሲጋራ ላጭስ እንዳይል አያጨስም… ሰበብ ሳይሰጥ ተነስቶ ወጣ።

"ዘር ከልጓም ይስባል፣ ልጄ" አሉኝ። "የኛ ልጆች ግዙፍ ናቸው። ብይ እንጂ! ለሁለት ነው የምትበዪው።" ሳህኔ ላይ ጨመሩ። በላሁ። እምቢ ለማለትም ጉልበት ይጠይቃል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ለካሁ፣ 171። ሐኪሙ የሚፈልጉት ከ120 ገደማ እንዳያልፍ ነው።

ደብተሩ ላይ 121 ብዬ ጻፍኩ።

ኅዳር 18

ይህን የሚያነብ የለም። ልጻፈው።

ያኔም እንዲሁ ነበር። 168 ሲሆን 118። 190 ሲሆን 115። ቀጠሮ ሲደርስ ቁጭ ብዬ የሳምንቱን እሞላ ነበር፣ እስክሪብቶ እየቀያየርኩ። ለምን? ቁጣ ፈርቼ? ሐኪሙ ተቆጥተው አያውቁም። "ጎበዝ" ለመባል ነው። የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት! አንድ ቀን እውነተኛውን ብጽፍ ፊታቸው ቅር ሲለው ማየት አልፈለግኩም። በቃ ይኸው ነው። ሌላ ምክንያት ብፈልግ ብፈልግ አላገኘሁም።

"ቁጥርሽ እንዲህ ካማረ ምን አስቸኮለን? ቀኑን እንጠብቅ" አሉ። ጠበቅን። እውነቱን ቢያውቁ ሦስት ሳምንት ቀድመው በኦፕራሲዮን ያወጡት ነበር።

ባሌ አያውቅም። ማንም አያውቅም።

እና አሁን ደግሞ… 121።

ታኅሣሥ 2

ፕሮፌሰሯ ከክፍላቸው ወጥተው ጠረጴዛዬ ድረስ መጡ። እንዲህ አድርገው አያውቁም። በአንድ እጃቸው ሻይ፣ በሌላው ወረቀት። ሻዩ እየፈሰሰ አላዩትም።

"ይህን እዪልኝ! ስልሳ አንድ! የእናትየዋ ስኳር የጤነኛ ሰው ነው የሚመስለው፤ ልጁ ግን አራት ኪሎ ከስምንት መቶ። ስኳር አይደለም ያሳደገው። አባትየው ክብደት የሚጨምሩትን ጂኖች በሙሉ ይዟቸዋል፣ ልጁም ወርሷቸዋል። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከየት ይመጣል?"

"አዎ" አልኩ።

"ደስ አይልም?"

"ደስ ይላል።"

ስልሳ አንድ እኔ ነኝ። ያኔ የክትትል ክፍሏ ነርስ መዝግባኝ ቁጥሩን ደብተሬ ሽፋን ላይ ለጥፋልኛለች። ፕሮፌሰሯ ልጅ እንደሞተብኝ ያውቃሉ። በጥናቱ ውስጥ እንዳለሁ ግን አያውቁም፤ ስም የለማ።

ታኅሣሥ 3

ውሸቴ ማስረጃ ሆነ። ያውም እኔን ነፃ የሚያወጣ።

ነፃ ልውጣ? ዝም ብል ምን ይመጣል? በወረቀት ላይ ይታተማል… እናትየዋ ምንም አላጠፋችም፣ የአባትየው ዘር ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ።

ታኅሣሥ 11

አልትራሳውንድ። ባሌ ከብየዳ ቤቱ በሥራ ልብሱ መጣ። በሩ ለሁለት ሰው ቁመት የሚበቃ ነው፣ እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ገባ። ድሮ የሚያጎነብሰው ዝቅ ባለ በር ብቻ ነበር። አሁን የትም ነው።

ሴት ናት አሉን። ሦስት መቶ ሃምሳ ግራም ገደማ።

"ይህ ትልቅ ነው?" ብሎ ጠየቀ። "ደህና ነው" አሉት። ስንወጣ ደረጃው ላይ ቆመ። "እኔን ባትመስል ይሻላል" አለኝ።

"ምን ማለትህ ነው?"

"ታውቂያለሽ። ባለፈው ዓመት ራስሽ ነግረሽኛል፣ ከአባትም ይወረሳል ብለሽ። ያንን ልጅ የኔ ትከሻ ነው የገደለው።"

አይደለም አላልኩም። አፍ አልነበረኝም? ነበረኝ። "ታክሲው አመለጠን" አልኩት።

ታኅሣሥ 20

እውነተኛ ደብተር ያስታውቃል። የደም ጠብታ አለበት። ሻይ ፈስሶበታል። አንዱ ቁጥር በእስክሪብቶ፣ አንዱ በእርሳስ፣ አንዱ በዓይን ኩል። የውሸቱ ንጹሕ ነው። ቁጥሮቹ አብዛኛውን ጊዜ በዜሮና በአምስት ያልቃሉ፣ ከ120 እምብዛም አያልፉም። እኔ ንጹሕ ደብተር አላምንም።

ዛሬ ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ደብተሯን ራሷ ይዛ መጣች። ቢጫ ሻርፕ ያደረገች፣ የሠላሳ አራት ሳምንት። ገለጥኩት። ንጹሕ።

"እህቴ፣ ደብተርሽ በጣም ንጹሕ ነው" አልኳት።

"አመሰግናለሁ።"

"እያመሰገንኩሽ አይደለም።"

ፊቷ ተለወጠ። "ምን ልትይኝ ነው? ውሸታም ነሽ ልትይኝ ነው?"

"የኔም ንጹሕ ነበር። ልጄ ሞተ።"

እንዲሁ አልኩት። ስንት ሰዓት ነው እንደማለት። ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት፣ ሌላ ሰው የተናገረው ነው የመሰለኝ። ሴትየዋ ቦርሳዋን ከፍታ የስኳር መለኪያዋን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። "እውነተኛው እዚህ ውስጥ አለ። ለዶክተሩ አንቺ ንገሪልኝ። እኔ አፍራለሁ።"

"አብረን እንሂድ" አልኳት። ሄድን። እሷ ውስጥ ስታለቅስ እኔ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ለሰው በር እከፍታለሁ፣ የራሴን…

ጥር 8

ባለ ቢጫ ሻርፗ ቀድመው አወለዷት። አራት ኪሎ ከሁለት መቶ። "ሲወጣ ሕንፃውን በጩኸት አናጋው" አለችኝ ነርሷ እየሳቀች።

ሽንት ቤት ገብቼ ቆሜ ቆየሁ። ምን እንደምጠብቅ አላውቅም። ምንም አልመጣም።

ጥር 16

ለፕሮፌሰሯ ነገርኳቸው።

ጽሑፉ ሰኞ ሊላክ ነበር። ስልሳ አንድ ለብቻው ሥዕል ተሠርቶለታል፣ ከሁሉም ተለይታ ያለች ነጠላ ነጥብ። ገባሁና ሳልቀመጥ "ስልሳ አንድ እኔ ነኝ። ቁጥሩ ውሸት ነው" አልኳቸው። ቢቆጡኝ ደስ ባለኝ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ አደረጉ፣ እንደገና አወለቁ።

"ስንቱ ነው ውሸት?"

"አላውቅም። ግማሹ። ከግማሽ በላይ።"

"ልጅሽ ነበር ማለት ነው" አሉ። ከዚያ እንደ ተመራማሪ አሰቡ፣ አልቀየምኳቸውም። "የዘሩ ውጤት እውነት ነው፣ እሱ ከደም የመጣ ነው። ስኳሩን ነው ያጣነው። መለኪያሽ አለች? የለካችውን ትይዛለች እኮ። ካለች አስተካክለን እናስገባዋለን። ከሌለች ስልሳ አንድን መሰረዝ አለብኝ።"

መሰረዝ… ፎቶ የለውም። ስም አልወጣለትም። በዓለም ላይ የተጻፈው እዚያች አንድ መስመር ላይ ብቻ ነው። ቀን፣ ወንድ፣ 4800።

የዚያን ጊዜዋ መለኪያ አለች፤ አሁን የምለካው በሌላ ነው። ለልጁ ከገዛናቸው ልብሶች ጋር ካርቶን ውስጥ ናት። ካርቶኑን ባሌ ብየዳ ቤቱ ወስዶ ቆልፎበታል፣ እኔ እንዳላየው ብሎ።

ጥር 20

ነገርኩት። እራት ሳይቀርብ፣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ። ሁሉንም። 118ቱን፣ እስክሪብቶውን፣ "ጎበዝ"ን። የዘንድሮዎቹንም፣ ከኅዳሯ 121 ጀምሮ። ፕሮፌሰሯ መለኪያዋን እንደሚፈልጓትም።

መጀመሪያ አልገባውም። "ቁጥር ብትቀይሪ ምን ይሆናል?" አለ። "ቀድመው ያወጡት ነበር" አልኩት። ያኔ ገባው።

"ሁለት ዓመት!" ሲጮኽ ሰምቼው አላውቅም። "ሁለት ዓመት ሙሉ አንገቴን ደፍቼ ስሄድ አይተሽኛል! እናቴ ስለ ኪሎዬ ባወራች ቁጥር ጥዬ ስወጣ አይተሽኛል! ደረጃው ላይ… ደረጃው ላይ ምን አልሽኝ? ታክሲው አመለጠን!"

"አዎ።"

"አዎ ነው የምትዪኝ? አልቅሺ እንጂ! ሰው አይደለሽም?"

እንባው አልመጣልኝም። ተነሳ። በሩን ሲወጣ ራሱን ጉበኑ መታው… አላጎነበሰም ነበር።

ጥር 21

እናቱ ጋ ነው። ደውለው "ምን አድርገሽው ነው ልጄን?" አሉኝ። "ይንገርዎ" አልኩ።

ባዶ ሆድ 92። ከቁርስ በኋላ 143። 143 ብዬ ጻፍኩ።

ጥር 23

ባዶ ሆድ 97። ከምሳ በኋላ 156። ጻፍኩ። ጠብታ ደም ገጹ ላይ ወደቀ፣ አልጠረግኩትም።

ጥር 25

እሑድ። ረፋዱ ላይ በሩ ተከፈተ። ካርቶኑን አልያዘም፣ መለኪያዋን ብቻ ነው የያዘው፣ ከአዲስ ክብ ባትሪ ጋር። "ቀኑ ጠፍቷል። ቁጥሩ ግን አለ፣ በተራው" አለኝ። ሰላምታ የለም።

ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊት ተቀመጥን። እሱ እያነበበ እኔ ጻፍኩ። ድምፁ የሱ አይመስልም። ዓይኑ ከብየዳው ብልጭታ የተነሳ ቶሎ ይደክማል፣ በየሃያው ቁጥር ያሸዋል። "168።" ጻፍኩ። "187።" ጻፍኩ። "104… ይቺ ጥሩ ነበረች።" ጻፍኩ። "99። ይቺም።" ለካ ጥሩም ነበሩ! እኔ ሁሉም መጥፎ ነበር ብዬ ነው የማስታውሰው።

አራት መቶ አሥራ ሁለት ቁጥር። የመጨረሻዋ ላይ ሲደርስ ቆመ። የዚያን ቀን ጠዋት የለካኋት ናት። "88" አለ። ወደ ሆስፒታል ስንወጣ 88 ነበርኩ።

ተነስቶ ሻይ አፈላ። ለኔ ያለ ስኳር አደረገልኝ። አልታረቅንም።

ጥር 27

ፕሮፌሰሯ አዲሶቹን ቁጥሮች ራሳቸው አስገቡ። ነጥቧ ከተነጠለችበት ተነስታ ከሌሎቹ መሐል ገባች። ጽሑፉ ዘገየ፣ ሥዕሉ ተቀደደ።

"ስለዚህ ስኳሩ ነው?" አልኳቸው። "ወይስ ዘሩ?"

"ሁለቱም። ስኳርሽ ከፍ ያለ ነበር፣ ግን ካንቺ የከፋ ስኳር የነበራቸው ሦስት ኪሎ ተኩል ወልደዋል። የባልሽም አለበት፣ ያንቺም ዘር አለበት።"

"ስንቱ ከስኳር፣ ስንቱ ከዘር?"

"ለሺህ ልጆች ልነግርሽ እችላለሁ። ለአንድ ልጅ ማንም አይነግርሽም።"

ማታ ለባሌ ይህንኑ ነገርኩት። ቃል በቃል፣ ሳልቀንስ ሳልጨምር። "ክብደቱ ከማን እንደመጣ ላያውቁት ይችላሉ" አለኝ፣ "ቀኑን ግን እናውቃለን።" አዎ። ሦስቱን ሳምንት እናውቃለን። እሱ የኔ ጥፋት ነው።

የካቲት 3

ሐኪሙ ጋ ገባሁ። ደብተሩን ዘርግተው ቀዩን እስክሪብቶ አነሱ። "አይጻፉ" አልኳቸው። አሥራ ሰባት ቁጥር በክብ ከብቤ ነበር፣ የዘንድሮ ውሸቶች። ከጎናቸው እውነተኛውን ጽፌያለሁ። ያለፈውንም ነገርኳቸው።

እስክሪብቶውን ኪሳቸው ከተቱት። "ማሽኑን አንድ ቀን እንኳ አምጪ ብዬሽ አላውቅም" አሉ። "ደብተሩ ደስ ይለኝ ነበር።" ሽማግሌ ሰው ናቸው። አሳዘኑኝ። ሰው ካሳዘነኝ ስንት ጊዜዬ ነው?

የምወጋውን የኢንሱሊን መጠን ከፍ አደረጉ። ቀን ቆረጡልኝ፣ ሚያዝያ 9፣ በኦፕራሲዮን፣ ሠላሳ ሰባት ሳምንት ሲሞላ። ስወጣ "ጎበዝ" አላሉኝም።

የካቲት 19

አማቴ መጡ። ነግሯቸዋል ማለት ነው፣ ስለ አምስት ኪሎው አላነሱም። ጭልፋውን ይዘው ሳህኔ ላይ ቆሙ። "ስንት ፍሬ ሩዝ ነው የተፈቀደልሽ? ቁጠሪልኝ።" አሽሙር ነው? ምናልባት። ግን አልጨመሩብኝም። ጠበቁ።

ባሌ ሳሎን ነው የሚተኛው። ሶፋው ያጥረዋል፣ እግሩ ከጉልበቱ በታች አየር ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ግን "ስንት ነው?" ይለኛል። እነግረዋለሁ። "አሳዪኝ" ይላል። መለኪያዋን አሳየዋለሁ። በዚህ አይከፋኝም። ይገባኛል።

መጋቢት 12

ሠላሳ ሦስት ሳምንት። የወሩ ቁጥር ሁሉ ጥሩ ነው፣ በእውነት ጥሩ። አልትራሳውንዱ ግን ትልቅ ናት ይላል። ሁለት ኪሎ ከስድስት መቶ።

ሐኪሙ ደብተሩን አዩ፣ ማሽኑን አዩ፣ ሥዕሉን አዩ። "ያንቺ ጥፋት አይደለም ይሄ" አሉኝ። ይህን ለመስማት ሁለት ዓመት የጠበቅኩ መሰለኝ። ሲመጣ ለሌላኛው አልሆነም፣ ለዚህችኛዋ ብቻ ነው።

ሚያዝያ 8

ነገ። ቦርሳው ተዘጋጅቷል። ፈርቻለሁ? እጄ ይቀዘቅዛል። እሱን ነው የማውቀው።

ሚያዝያ 9

ሴት። 4,120። ጮኸች።

ሚያዝያ 10

ትናንት ከዚያ በላይ አልጻፍኩም። ዛሬ በጀርባዬ ተኝቼ ነው የምጽፈው።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወጣች። ትከሻዋን ሲያወጡት አላየሁም፣ መጋረጃ አለ። ጩኸቷን ሰማሁ። አማቴ በስልክ "ስንት ኪሎ?" ነበር መጀመሪያ ያሉት። ባሌ ሲነግራቸው "ያንሳል!" ብለው ሲጮኹ እኔ ድረስ ተሰማ።

ስኳር ካለባት እናት የተወለደ ልጅ ወዲያው ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። በየሰዓቱ ተረከዟን ወግተው ይለካሉ። መጀመሪያ 44። ነርሷ "አጥቢያት፣ ከጠባች ይስተካከላል" አለችኝ። ቀጥሎ 38። ተረከዟን ስትወጋት እግሯን ሰብስባ ጮኸች። እኔ ጣቴን ስወጋ ስንት ዓመቴ ነው፣ አይታወቀኝም። የሷ ግን… ታወቀኝ።

ደረቴ ላይ አድርጌ ሞከርኩ። ትልሳለች፣ ትተኛለች። ጉንጯን ነካ ነካ አደረግኩ፣ እግሯን ኮረኮርኩ። ትልሳለች፣ ትተኛለች። ሞቃት ናት። ከባድ ናት። ያንን ልጅ እንዲህ አልያዝኩትም ነበር።

ነርሷ ወረቀቷን ይዛ መጣች። "ጠባች?"

ሕጉን አውቃለሁ። ጠባች ካልኩ ሌላ አንድ ሰዓት እኔ ጋ ትቆያለች። አልጠባችም ካልኩ ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ትሄዳለች፣ ሁለት ፎቅ ወደ ላይ፣ ክንዷ ላይ ግሉኮስ ይሰካላታል። ነርሷ ደክሟታል፣ የምነግራትን ትጽፋለች። ባሌ ግድግዳው ጋ ቆሞ እያየኝ ነው። ጸጉሯ አገጬ ሥር ነው። "አዎ" ለማለት አፌ ተከፍቶ ነበር። ይህን እዚህ መጻፍ አለብኝ፣ ተከፍቶ ነበር።

"አልጠባችም" አልኩ። "እየላሰች ነው እንጂ አልዋጠችም።"

ነርሷ ለካቻት። 31። ወዲያው ወሰዷት። እቅፌ ላይ ሙቀቷ ቀረ፣ ከዚያ እሱም ቀዘቀዘ።

ባሌ ተከትሏት ሄደ። አጎንብሶ አልነበረም የሄደው፣ ሲሮጥ ነው ያየሁት፣ በኮሪደሩ ላይ ሰው ሁሉ ዞር እያለ አየው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስልኬ ጠራ።

"አርባ አንድ" አለኝ።

"እሺ።"

እንደገና ጠራ። "አርባ ዘጠኝ። ነርሷ ጥሩ ነው አለች። እጇን በመስኮቱ እያየሁት ነው። የኔን እጅ ነው የሚመስለው፣ አፈር ልብላ!"

"እሺ።"

ለሦስተኛ ጊዜ ጠራ። "ሃምሳ ስምንት።"

"በእውነት?" አልኩት።

ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ "እኔ እንዳንቺ መሰልኩሽ?" አለኝ። እየሳቀ ነበር። በዚህ ነገር ሲቀልድ የመጀመሪያው ነው። ጥርሱን ነክሶ ነው የቀለደው፣ ቢሆንም ቀለደ።

እኔም ሳቅኩ። ሳቁ መሐል ላይ ሌላ ሆነ፣ ልቅሶ ሆነ፣ ማቆም አቃተኝ። ከጎኔ ያለችው ሴት ነርስ ጠራች። ነርሷ "ምን ሆንሽ? ስፌቱ ነው? የት ነው የሚያምሽ?" እያለች ሆዴን ትነካካለች።

"ሁሉም ቦታ" አልኳት። "ሁሉም ቦታ ያመኛል።"

ማስታገሻ ልስጥሽ አለችኝ። አልፈልግም አልኳት።